«ከፍ ካለ አይነካም» ለሚሉት፦ ይነካል

ሰሞኑን የፕራዶና የሃይሉክስ ባለቤቶች እርስ በርስ የሚላላኩት አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «መኪናህን ከፍ አድርግ፣ ጎማህን ቀይር» ይላል። አጭር ነው፤ አጻጻፉም ይጥማል። ምክሩን ጨምቄ ላስቀምጠው። መኪናውን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካስደረጉት የፈለጉት ጎማ ይገባል። ቸርኬ ሲገዙ የብሎን ቀዳዳው መግጠሙን ማየት በቂ ነው፤ ኦፍሴት የሚባለው ቁጥር የሻጭ ማደናገሪያ ነው። ጎማው የመኪናውን አካል ከነካ ስፔሰር (በቸርኬውና በመኪናው መሃል የሚገባ ወፍራም ቀለበት) ይጨመራል። ጋራዥ ውስጥ መሪውን ግራና ቀኝ ጠምዝዘው ካልነካ ነገሩ አለቀ። ትንሽ ቢነካም ጎማው «ራሱ ቦታውን ይሠራል»። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው የጎማ መጠን መጨመር ከመልክ በቀር የሚለውጠው ነገር የለም። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ደግሞ የድሮው ቢሆን ግድ የለም።

በአብዛኛው አልስማማም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ብዙ ሰው ያለችውን መኪና አጥብቆ ይዞ እሷኑ ማሳመር ጀምሯል። ሶማሌ ተራ ገብቶ ቸርኬ የሚያማርጥ ሰው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ሌላ ሐሳብም ቢሰማ አይከፋም።

«5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ የፈለግከው ጎማ ይገባል»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹ ሁሉ የዚህ ልጆች ናቸው።

መኪናው ቆሞ ሲታይ አባባሉ እውነት ይመስላል። ረጅም ሞላ ገባ፣ ቦዲው ከጎማው ራቀ፣ በጎማውና በፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ላሜራ) መሃል ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። ግን ጎማ የሚነካው መኪናው ቆሞ ሳለ አይደለም። የሚነካው ሞላው ሲጨመቅና መሪው ሲጠመዘዝ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ይብሳል።

ሞላው ሲጨመቅ ጎማው ወደ ላይ ይወጣል። የሚወጣበት መጨረሻ አለው፤ እዚያ ላይ የሚያስቆመው ማቆሚያ ጎሚኒ ነው። ረጅም ሞላ ስታስገቡ ይህ ጎሚኒ ከቦታው ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ጎማው የሚደርስበት ጫፍ ድሮ የነበረው ያው ጫፍ ነው። አዲሱ ሞላ ጠንከር ያለ ከሆነ እዚያ የሚደርስበት ጊዜ ያንሳል እንጂ ጫፉ አልተቀየረም። ጫፉን መቀየር የፈለገ ማቆሚያውን ማስረዘም አለበት። ቦዲውን ብቻ ከሻንሲው (ከመኪናው አጽም) ላይ በስፔሰር ማንሳት የሚባለው ሥራ ግን ሌላ ነው። እሱ ፓራፋንጎውን በእርግጥ ከጎማው ያርቀዋል። ጽሑፉ ሁለቱን ቀላቅሎ «ከፍ ማድረግ» ብሎ አልፏል።

አሁን ቁጥሩን እንየው። ብዙ ፕራዶዎች ላይ የሚገኘው ጎማ 265/65 አር 17 ነው፤ 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ቁመቱ፣ ማለትም ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ወደ 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰው የሚመኘው 285/70 አር 17 ደግሞ ወደ 831 ነው። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር፣ ግማሹ 27 ነው። እንግዲህ ጎማው በሁሉም አቅጣጫ 27 ሚሊ ሜትር አድጓል። ወደ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው ትንሽ በተረቱ ነበር። ግን ወደ ፊት ወደ ባምፐሩ ጥግም 27፣ ወደ ኋላ ወደ ጭቃ መከላከያውም 27 አድጓል። መኪና ከፍ ሲል የጎማው ቤት በቁመት ይሰፋል እንጂ ከፊት ወደ ኋላ አይረዝምም። መሪ ሲጠመዘዝ የሚነካው ደግሞ በብዛት እዚያው ፊትና ኋላ ነው።

ይባስ ብሎ፣ የፕራዶና የሃይሉክስ ዓይነት የፊት ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ክንድ) ያላቸው መኪኖች ከፍ ሲሉ ካስተር የሚባለው፣ ጎማው ሲጠመዘዝ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን ይቀንሳል። መሪው ይቀላል፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ይጠላል። አላይመንት የሚሠራው ልጅ ያንን ሲመልስ ጎማው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ጥቂት ሊሸሽ ይችላል። የታችኛው ብራቾ ማስተካከያ ብሎን ጎማውን ወደ ፊት ካመጣው ከኋላ ያለው የቦዲ ማሰሪያ ጋ ቦታ ይገኛል። ስለዚህ ክፍተት መለካት ያለበት አላይመንት ከተሠራ በኋላ ነው። በፊት የተለካው ቁጥር ከአላይመንቱ በኋላ አይሠራም። ላንድክሩዘር 70ና የድሮው ፓትሮል ፊታቸው ድፍን አክስል ስለሆነ አላይመንታቸው በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ካስተር መቀነሱ ግን እነሱንም አይምርም።

ቁርጡን ንገረኝ ለሚለኝ፦ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ፕራዶ 150 በፋብሪካው ቸርኬ ላይ 265/70 አር 17 ቢያደርግ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጣጣ ይሄዳል። 285/70 ከሆነ ፕላስቲክ መቁረጥ፣ አንዳንዴም ላሜራ መምታት እንደሚመጣ አስቦ ይግባበት።

«ኦፍሴት የሻጭ ማደናገሪያ ነው»

እንዲያውም ብዙ ሻጭ ስለ ኦፍሴት አንድ ቃል ሳይናገር ነው የሚሸጠው። የሚያደናግረው ዝምታው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቸርኬው ስፋቱን እኩል የሚከፍል የመሃል መስመር አለው። ከመኪናው ጋር የሚገጥመው ፊቱ ግን ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ አይደለም። ከመሃል መስመሩ ምን ያህል እንደራቀ በሚሊ ሜትር ሲለካ ኦፍሴት ይባላል። 25 ከሆነ የሚገጥመው ፊት 25 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ቸርኬው ራሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ዜሮ ሲሆን እኩል መሃል ላይ ነው። ከዜሮ በታች ሲሆን ጎማው ወደ ውጭ ይገፋል። ያ «ገጭ ብሎ የወጣ» የሚባለው መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በምሳሌ እንስራው። ፕራዶ 150 ላይ የሚገኘው ዓይነት ባለ 17 ቸርኬ ስፋቱ 7.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 25 ነው እንበል። አዲሱ ስፋቱ 8.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ ዜሮ ነው። የድሮው ውጫዊ ጠርዝ ከመገጠሚያው ፊት 70 ሚሊ ሜትር ይርቅ ነበር። የአዲሱ 108 ይርቃል። ወደ 38 ሚሊ ሜትር ወጣ ማለት ነው። በውስጥ በኩል ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ከላይኛው ብራቾ ራቀ። ጎማውን ከ265 ወደ 285 ከቀየሩት በየጎኑ ሌላ 10 ይጨመራል። እንግዲህ ወደ ውጭ ያለው ነገር 5 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሁለቱም ቸርኬ ባለ 6 ብሎን ነው፣ ሁለቱም «ገጥሟል»።

ይህ ሁሉ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ብዙም አያስቸግርም። ሲጠመዘዝ ነው ጉዱ። በር ሲከፈት ጫፉ ከማጠፊያው በራቀ ቁጥር ሰፊ ቅስት እንደሚያካልል፣ ወደ ውጭ የወጣ ጎማም ሲዞር ሰፊ ቦታ ይጠርጋል። የፊት ጠርዙ ባምፐሩን ጥግ ይፈልጋል፣ የኋላ ጠርዙ ጭቃ መከላከያውን። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ጎማ የገጠሙ፣ እኩል ከፍ ያሉ ሁለት ፕራዶዎች አንዱ እየነካ ሌላው የማይነካው። ልዩነታቸው ቸርኬው ነው። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ መጠን ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል፣ መሪው ጉድጓድ ላይ እጅ ይነጥቃል።

ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ቸርኬው ጀርባ ላይ ተቀርጿል፤ «ኢቲ» ከሚሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት አጠገብ ፈልጉት። ካላገኛችሁት መለካት ነው። ቸርኬውን በፊቱ አስተኙት፣ ጀርባው ላይ ቀጥ ያለ ብረት ጋደም አድርጉ፣ ከብረቱ እስከ መገጠሚያው ፊት ለኩ። ከዚህ ላይ የቸርኬውን ሙሉ ስፋት ግማሽ ቀንሱ። ሙሉ ስፋት ስል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን ነው፤ ከተጻፈው ስፋት አንድ ኢንች ገደማ ይበልጣል። ለ7.5 ኢንቹ ቸርኬ ወደ 216 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ግማሹ 108። ብረቱ 133 ካሳየ ኦፍሴቱ 25 ነው። ሜትር ያለው ሰው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጨርሰዋል።

የብሎን ቀዳዳ መግጠምም ቢሆን ጸሐፊው እንዳሉት ቀላል አይደለም። 6 ብሎን በ139.7 (ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር) የሚባለው ልክ የቶዮታም፣ የሚትሱቢሺም፣ የኒሳን ፓትሮልም ነው። የመሃል ቀዳዳቸው ግን ይለያያል። ፕራዶና ሃይሉክስ ወደ 106 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ። የሚትሱቢሺው 67 ገደማ ስለሆነ ቶዮታ ላይ ጭራሽ አይገባም። የፓትሮሉ ወደ 110 ስለሆነ ይገባል፣ ግን ይላላል፤ ቀለበት ካልተደረገለት በ80 ፍጥነት መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ከዚያ ባለቤቱ ባላንስ ሲያሠራ ይከርማል። ዳዶውም (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው) እንዲሁ ነው። ቶዮታ ከፋብሪካ ለሚመጣው አሉሚኒየም ቸርኬ የሚሰጠው ዳዶ ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው ነው። ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ አብዛኛው ሾጣጣ አፍ ያለው ዳዶ ይፈልጋል። አንዱን በሌላው ቦታ ማሰር መላላትን መጋበዝ ነው።

«ከነካ ስፔሰር ጨምር»

የት ነው የነካው? መጀመሪያ ይሄ ይጠየቅ።

ጎማው ከውስጥ የላይኛውን ብራቾ ወይም ሻንሲውን ከነካ ስፔሰር ይረዳል፤ ወደ ውጭ ይገፋዋላ። ከውጭ ፓራፋንጎውን፣ ባምፐሩን ወይም ጭቃ መከላከያውን ከነካ ግን ስፔሰር ያባብሰዋል። 25 የነበረ ኦፍሴት 30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ሲገባለት ከዜሮ በታች 5 ይሆናል። በኦፍሴት ቁጥሩ ከላይ የተናገርነው ቸርኬ ማለት ነው፣ ያውም ከእሱ የባሰ። ከፍ ያሉ መኪኖች ደግሞ በብዛት የሚነኩት ከውጭ በኩል ነው።

ስፔሰር ግድ ከሆነ የመሃል ቀዳዳው ልክ የሚገጥምና የራሱ ብሎን ያለው ይሁን። ያ ዝም ብሎ በነባሩ ብሎን ላይ የሚሻጥ ወፍራም ቀለበት የብሎኑን ጥርስ ይበላል። የፕራዶ ብሎን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ዳዶው ቢያንስ ያንኑ ያህል መግባት አለበት፤ በዚህ ብሎን ጥርስ ልክ ወደ 8 ሙሉ ዙር ነው። ዳዶው በ4 ዙር ጥርቅም ካለ አትንዱት። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይጠበቅ። አዲስ ቸርኬ ላይም እንዲሁ ነው።

«ጋራዥ ውስጥ ካልነካ አለቀ»

ጋራዥ ውስጥ ወለሉ ሜዳ ነው፣ መኪናው ባዶ ነው፣ ሞላው ተዘርግቷል። በዚህ ሁኔታ ያልነካ ጎማ ምንም አላረጋገጠም።

ጽሑፉ «አስቸጋሪ መንገድ ለማትሄድ ሰው ስጋት የለም» የሚል ሐረግም ጣል አድርጓል። እኔ ደግሞ መሃል አዲስ አበባ ለጎማ ፈተና ከገጠር መንገድ አይተናነስም ባይ ነኝ። ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ ያለ ሕንፃ ምድር ቤት ፓርኪንግ ግቡ። መውረጃው ቁልቁል ነው፣ መታጠፊያው ጠባብ ነው። መኪናው ወደ ፊት ይደፋል፣ የፊት ሞላ ይጨመቃል፣ መሪው በዚያው ቅጽበት እስከ ጥግ ተጠምዝዟል። መጨመቅና መጠምዘዝ የሚገናኙት እዚህ ነው። ቸርችል ጎዳናን ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ስትወርዱ ፍሬን ይዛችሁ ስትታጠፉም ያው ነው። በኮሪደር ልማት የታደሱት መንገዶች ዳር ያለው ጠርዝ ድንጋይ ላይ በአንድ ጎማ ወጥቶ ለመቆም የሚሞክር ሰውማ አንዱን ጎማ ወደ ላይ ሰቅሎ ሌላውን አንጠልጥሎ ነው የሚታገለው። (ጠርዙ ላይ መውጣቱን አልደግፍም። ግን እንደምንወጣ እናውቃለን።)

ትክክለኛው ፈተና ይሄ ነው። ጥሩ ጋራዥ ካገኛችሁ ሞላውንና ሾኩን አስወጥተው የታችኛውን ብራቾ በክሪክ እስከ ማቆሚያ ጎሚኒው ያንሱት። መኪናው በማቆሚያ እግር ላይ መደገፍ አለበት፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። ጎማው እዚያ ከፍታ ላይ ሳለ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ይጠምዘዝ። ምን ምን እንደሚነካ በዓይን ይታያል። ያን ጊዜ ጎማ ከመገዛቱ በፊት የት እንደሚቆረጥ፣ ማቆሚያው ምን ያህል እንደሚረዝም ይታወቃል።

ይህን የሚሠራ ካልተገኘ ርካሹን አድርጉ። የጎማ ቤቱን ፕላስቲክ፣ የጭቃ መከላከያውንና የባምፐሩን ውስጥ በጠመኔ ቀቡ። መኪናውን ሰው ሙሉ። አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጡት፣ በሰያፍ ያለውን የኋላ ጎማም እንዲሁ። መሪውን ጠምዝዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ከዚያ ወደ ኋላ፤ ወደ ኋላ መሄዱን እንዳትረሱ። ወደ ኋላ ሲነዳ የብራቾው ጎሚኒዎች በተቃራኒው ይለጠጣሉ፣ ወደ ፊት ሲሄድ ያልነካው ሊነካ ይችላል። ጠመኔው የተጠረገበት ቦታ መልሱን ይነግራችኋል። በዚያው የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ይይ። መኪና ከፍ ሲል የሚወጠሩት እነሱ ናቸው። ጎማውም ሊያገኛቸው ይችላል።

«ራሱ ቦታውን ይሠራል»

የሚነካው ምን እንደሆነ ይወስናል። የጎማው ጥርስ ጠርዝ ፕላስቲክ ቢነካ ድምፅ ነው፤ ፕላስቲኩ ይቀደዳል፣ በክረምት ጭቃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ፕላስቲኩን በሙቅ አየር አለስልሶ ወደ ውስጥ መግፋት ወይም ቆርጦ ማሰር ይቻላል። ላሜራ መምታት ካስፈለገ የተመታው ቦታ ፀረ ዝገት ይቀባ።

የጎማው ጎን ብረት ከነካ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጎማ ጎን ስስ ነው። ውስጡ ያለው ክር አንዴ ከተቆረጠ አይጠገንም። የትኛውም ጎሚስታ ልለጥፈው ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ጎማው በዚህ ዓይነት «ቦታውን ሲሠራ» የሚፈነዳው ፒያሳ በ20 ፍጥነት ስትሄዱ ላይሆን ይችላል፤ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ሊሆንም ይችላል። የመሪውን መጠምዘዝ በማቆሚያ መቀነስም አንድ መላ ነው። ዋጋው ግን ለመዞር የሚያስፈልገው ቦታ መስፋት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ጊዜ ትዞሩበት የነበረውን መንገድ ወደ ኋላ መልሳችሁ ትጨርሱታላችሁ።

«ከተማ ውስጥ ለውጥ የለውም»

285/70 ከ265/65 ጋር ሲነጻጸር ዙሩ 7 በመቶ ይረዝማል። ቆጣሪው 80 ሲል እናንተ 86 ገደማ ላይ ናችሁ። ራዳር የያዘው ትራፊክ ፖሊስ የእናንተን ቆጣሪ አያይም። ሞተሩም ከባድ ማርሽ እንደተሰጠው ያህል ይጎተታል። ከ2300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ውስጥ ቱርቦ የሌለው ባለ 2.7 ቤንዚን ፕራዶ ድሮም ዳገት ላይ ያቃስታል። ፍሬኑም ያንኑ ያህል ይደክማል፤ በዚያ ላይ ጎማው ራሱ ከብዷል።

ስለ ስኮርታው

ጸሐፊው ስኮርታው የድሮው ቢሆን ግድ የለም ያሉት ለፕራዶ አይሠራም። አብዛኞቹ ፕራዶዎች ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዱ ናቸው። አንዱ ጎማ ከሦስቱ ቢያንስ መሃል ያለው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) ያለ እረፍት ይሠራል። እስከ ቅርብ ጎሚስታ ለመድረስ ይሁን፣ ከዚያ በላይ አይነዳ። ስለዚህ አምስት ጎማ ግዙ፣ ቸርኬውንም አምስት። ስኮርታው የኋላ በር ላይ የሚሰቀል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሰቅላችሁ በሩን ዝጉት። ትልቁ ጎማ የኋላ ባምፐሩን ሊነካ ይችላል። ክብደቱም የበሩን ማጠፊያ በጊዜ ብዛት ያወርዳል። በሩ ሲዘጋ ከፍ አድርጋችሁ መግፋት ከጀመራችሁ ማጠፊያው እንዲታይ ወደ ላሜራ ሰሪ ውሰዱት።